የአንበሳውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅለን ዘሩን ማን ይቁጠርልን?

ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለውን ነገር አብዛኛው የእኛ ሰው የተዋወቀው በትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በኤምባሲ ወረፋ ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2008 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የስደተኛ ቤተሰቦችን ለማገናኘት በተዘረጋው ፕሮግራም ላይ ናይሮቢ ውስጥ የሙከራ ምርመራ ጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አስፋፋው፤ ብዙ ቤተሰብ አልተመሳከረልኝም ብሎም ፕሮግራሙን ለዓመታት ዘጋው። ከዚያ ወዲህ "ልጄ ነው" ማለት ብቻውን አይበቃም። ጉንጭ በጥጥ ይጠረግና ላቦራቶሪው ይመሰክራል። የሟች እኅቱን ልጅ እንደ ልጁ ያሳደገ ሰው በዚህ ምርመራ ምን እንደደረሰበት ከአንባቢያን መካከል የሚያውቅ አይጠፋም።

ስለዚህ ዲ.ኤን.ኤ. በእኛ ዘንድ ስሙ ብዙም የተወደደ ባይሆን አያስደንቅም። እኔ ግን ዛሬ ማንሣት የምፈልገው ይኸው ምርመራ አገር ቤት በዱር አራዊትና በቤት እንስሳት ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ በውጭ የምንኖረውም ሰዎች ነገሩ ለምን ሊያገባን እንደሚገባ ነው። "በዚህ ጊዜ የቀበሮ ወሬ ምን ይሉታል?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ወደ እርሱ ጥያቄ እመለሳለሁ፤ እስከዚያው ትንሽ ይታገሠኝ።

ነገሩን በእኛው ልማድ ብናየው ይቀላል። በአገራችን ብዙ አካባቢ ልጅ ለማጋባት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ፈረንጅ ጄኔቲክስ ብሎ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባው ሽማግሌዎቻችን በጣታቸው ይቆጥሩት ነበር ማለት ነው። የቅርብ ዘመዳሞች ሲዋለዱ በአባትም በእናትም ወገን ተደብቆ የኖረው ጉድለት ልጁ ላይ ይገናኛል። አራዊት ግን ሽማግሌ የላቸውም። አንድ ተራራ ጫፍ ላይ ጥቂት ሆነው ሲቀሩ ያለው ሁሉ የአጎትና የአክስት ልጅ ነው። ስንት ቤት እንደተራራቁ የሚቆጥርላቸው ላቦራቶሪው ብቻ ነው፤ ለዚያውም እንስሳውን ሳይነካ። የዋልያ በጠጥ፣ ከቁጥቋጦ ላይ የተለቀመ ፀጉር፣ ከሙዚየም መሳቢያ የወጣ የመቶ ዓመት ቆዳ ይበቃዋል። ቀድሞ ከዳዊቱ አንድ ሁለት መዝሙር ብቻ ነበር የሚነበበው፤ አሁን ጂኖም በሚሉት ዘዴ መጽሐፉ ዳር እስከ ዳር ይደገማል። የሰው ጂኖም በ2003 ተነብቦ እስኪያልቅ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ያህል ንባብ ከ1000 ዶላር በታች ይሠራል።

ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። የባሌ ኦሮሞ ጀዳላ ፋርዳ ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ይበላል ስለሚባል። በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችን የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል በሰሜን ተራሮች ስም ሰየመው፤ እንግሊዞችም ለብዙ ዘመን "የሰሜን ቀበሮ" ሲሉት ኖሩ። በ1994 ዳዳ ጎቴሊና ባልደረቦቿ የዘር ምርመራቸውን ሲያሳትሙ ግን የቅርብ ዘመዶቹ ቀበሮዎች ሳይሆኑ የአውሮፓና የአሜሪካ ግራጫ ተኩላና ኮዮቴ የሚባለው የአሜሪካ አውሬ ሆነው ተገኙ። ቀበሮ ስንለው የኖርነው ተኩላ ነው። እኔ በበኩሌ ስሙን ለመቀየር አልቸኩልም፤ ባላገር ያወጣው ስም ነው።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበው የዚያው ጥናት ሁለተኛ ግኝት ነበር። ባሌ ውስጥ በወብ ሸለቆ ከተመረመሩት መካከል የውሻ ደም የገባባቸው ተገኙ። የመንደር ወንድ ውሻ ከሴት ቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅሏል። ፊታቸው ጠር፣ ሰውነታቸው ደንደን ያሉትን ዲቃላዎች እረኛውም ተመራማሪውም በዓይኑ ያያቸው ነበር፤ ዲ.ኤን.ኤ.ው ጥርጣሬውን ማስረጃ አደረገው። በ1995 በክላውዲዮ ሲዬሮ የተመሠረተው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከቀበሮው ይልቅ የባላገሩን ውሻ መከተብና መቆጣጠር ዋና ሥራው ያደረገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1991 እና 92፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014 ባሌ ላይ እየተመላለሰ ፈጅቷቸዋል። በመጀመሪያው ዙር ተመራማሪዎች በስም ከሚያውቋቸው መንጋዎች ከአራቱ ሦስቱ እጅ አለቁ። ጊዜውን ልብ ይሏል፤ 1991 መንግሥት የተለወጠበት፣ የብዙ ፓርኮች ጥበቃ የፈረሰበት ዓመት ነው። ደርግ ወጣ፣ ኢሕአዴግ ገባ፣ እርሱም በተራው ሄደ፤ በሽታው በሁሉም ዘመን ቀጠሮውን አላጎደለም። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ ባሌ፣ የተረፉት በአርሲ፣ በወሎ፣ በመንዝ ጓሳና በሰሜን ተራሮች ተበታትነው ይኖራሉ። በጉና ተራራና በጮቄ የነበሩት ጠፍተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። እነዚህ አውሬዎች ራሳቸው ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ይመስላሉ። መንጋው አብሮ ይኖራል፣ ግዛቱን አብሮ ይጠብቃል፣ ፍልፈል ሲያድን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። የመራቢያው ወራት ሲደርስ ሴቲቱ የራሷን መንጋ ወንዶች ትታ ከጎረቤት መንጋ ወንድ ጋር ትገናኛለች። ባሌ ውስጥ በተደረገው ክትትል ከታዩት ግንኙነቶች እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ከውጭ ወንድ ጋር ነበሩ። ወንድሞችና አባት በሞሉበት ቤት ሌላ ምን ታድርግ? ጎረቤት ሲያልቅ ደግሞ ውሻ ይመጣል።

በ2018 የታተመ አንድ የጂኖም ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አወጣ። በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ በሰፊው የሚገኘው ተራ ቀበሮ የምንለው እንስሳ በድሮ ዘመን ከተቀላቀሉ ሁለት ወገኖች የወጣ ሆኖ ተገኘ፤ 72 በመቶው ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶው ከእኛው ቀይ ቀበሮ። ከሞሮኮ እስከ ታንዛንያ የሚዞር አውሬ የኢትዮጵያ ደም አለው ማለት ነው። በ2023 ሙሉ ጂኖሙ ተነብቦ የወጣው ጥናት እንዳሳየው የቀይ ቀበሮው ቁጥር ያነሰው ትናንት አይደለም፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት በከፍታ ላይ ተወስኖ በትንሽ ቁጥር የኖረ ዘር ነው፤ ለውርጩና ለስሱ አየሩም ሰውነቱ ተስተካክሏል። በእኔ አረዳድ የዚህ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ለረጅም ዘመን በጥቂት ቁጥር መኖርን የቻለ አውሬ ዛሬ የሚሞተው በዋናነት ከውሻ በተላለፈ በሽታ ከሆነ፣ ያለን ጥቂት ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ክትባት መሄድ አለበት። ከ2018 ጀምሮ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ቀብሮ በሌሊት ለራሳቸው ለቀይ ቀበሮዎቹ መወርወር ተጀምሯል። በተለይ በሰሜን ያሉት መንጋዎች በጣም ጥቂት ስለሆኑ፣ የባሌውን ወስዶ እዚያ ማዳቀል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መልሱ የሚገኘው ከዚሁ ከዲ.ኤን.ኤ. መዝገብ ነው። በደቡብና በሰሜን በኩል ያሉትን ስምጥ ሸለቆው ከለያያቸው ብዙ ዘመን ሆኗል።

ወደ አንበሳው እንምጣ፤ እርሱ እንኳ ከሁላችንም ጋር ነው። ይህን ጋዜጣ ያነሡበት ሬስቶራንት ግድግዳ ላይ ቀና ብለው ቢያዩ ሳያገኙት አይቀሩም። ስድስት ኪሎ የነበረውን የአንበሳ ግቢ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያቋቋሙት በ1948 ነው። የግቢው አንበሶች ከ7 አንበሶች፣ ከ5 ወንዶችና ከ2 ሴቶች እንደተራቡ ይነገራል። ጋማቸው ጥቁር፣ ከአንገት አልፎ ደረትና ሆድ ድረስ የሚወርድ መሆኑን አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያስታውሰዋል። በ2006 ቢቢሲን ጨምሮ የውጭ ዜና አውታሮች እንደዘገቡት፣ የሚበሉትና የሚያድሩበት የለም ተብሎ የተወለዱ ግልገሎች በመርዝ ይገደሉ፣ ሬሳቸውም ቆዳ ለሚያደርቁና ለሚሞሉ ሰዎች ይሸጥ ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ዲ.ኤን.ኤ. መርምረው በዘራቸው ከሌሎች ከተነጻጸሩ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳተሙ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እንመልከት። መጀመሪያ ገደልን፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው መጥቶ ምን እንደገደልን ነገረን። ለግልገሎቹ ሥጋ የሚገዛ ገንዘብ ጠፋ በተባለበት ዓመት እኛ እዚህ የይሁዳ አንበሳ የታተመበት ካናቴራ ስንት ገዛን? ይህን የምለው የግቢውን ሠራተኞች ለመክሰስ አይደለም። በባዶ ካዝና የታዘዘውን የሠራ ሰው ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ አንበሳ የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር የዘር መዝገብ በጊዜው ቢኖር ኖሮ፣ የትኛው ግልገል ብርቅ ደም እንደያዘ፣ የትኞቹ ሁለት መዋለድ እንደሌለባቸው ታውቆ ወንዱን ከሴቷ መለየት ይቻል ነበር። መርዝ ከመግዛት አጥር ማጠር ይረክሳል።

የጭላዳው ነገርም ለብቻው ይገርማል። በ2022 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መሪነት የወጣው የጭላዳ ጂኖም ጥናት በሰሜን ተራሮች ያሉት ጭላዳዎች 44 ክሮሞዞም እንዳላቸው አሳየ። ቀድሞ በውጭ አገር የእንስሳት ማቆያዎች የተመረመሩት ግን 42 ነበራቸው። አንደኛው ክሮሞዞም ለሁለት ተሰንጥቋል። እንዲህ ዓይነት ልዩነት ያላቸው ሲዋለዱ ልጆቹ መውለድ ሊቸግራቸው ይችላል፤ ስለዚህም ተመራማሪዎቹ የሰሜኑ ጭላዳ ራሱን የቻለ ዝርያ ሊሆን ይችላል ይላሉ። "ጭላዳ ብዙ ነው፣ አያሰጋም" ሲባል የኖረው ሁሉንም አንድ ላይ በመቁጠር ነው። ተለይቶ ሲቆጠርስ? በዚያው ተራራ ላይ የሚኖረው ዋልያ ደግሞ በበጠጡ ላይ በተሠራው ምርመራ የዘር ስብጥሩ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በየትኛውም የዓለም የእንስሳት ማቆያ ለመጠባበቂያ የተቀመጠ ዋልያ የለም። ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ ይጠራል፣ ተራራው በ1978 የዓለም ቅርስ ተብሏል፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ እዚያም ደረሰ። ጥይት የዘር ስብጥር አያውቅም።

ሰሞኑን የምንኖርበት አገር ምን እንደሚያወራ ደግሞ እንይ። በሚያዝያ 2025 ኮሎሳል የተባለ የቴክሳስ ኩባንያ ከ10000 ዓመት በፊት የጠፋውን ዳየር ዎልፍ የሚባል ትልቅ ተኩላ "አስነሣሁ" ብሎ ሦስት ነጫጭ ቡችላዎች አሳየ፤ ታይም መጽሔትም ሽፋኑ ላይ አወጣቸው። ያደረጉት የግራጫ ተኩላን ዘረ-መል 20 ቦታ ላይ መለወጥ ነው። ብዙ ሳይንቲስቶች ይህ የጠፋው አውሬ አይደለም፣ ፀጉሩ የነጣ ግራጫ ተኩላ ነው ብለዋል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ኩባንያው በዚያው ዓመት መጀመሪያ 10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ተሰጥቶታል። በሕይወት ካሉት ተኩላዎች እጅግ ብርቅ ከሆኑት አንዱ ግን ባሌ ላይ በውሻ በሽታ ይሞታል። የሞተን ለማስነሣት ገንዘብ ይጎርፋል፣ ያለውን ለማኖር ይለመናል! በሌላ በኩል ኩባንያው የሠራበት እውቀት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እውቀቱ ያው ነው፤ የጎደለው የሚጠይቀው ሰው ነው።

አሁን ወደ ጓዳችን ልግባ። ብዙዎቻችን ለእናታችን "የፈረንጅ ላም" የሚገዛ ገንዘብ ልከናል። የሆልስታይን ክልስ ላም ብዙ ወተት ትሰጣለች፤ እናት ትደሰታለች፤ ይህን የሚቃወም ሰው ሞኝ ነው። ነገር ግን ከብቱ ሁሉ ሲከለስ ሥሩ የት ይቀመጣል? በ2020 ከሴኡል ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባም ግቢ ካለው ከዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም የተውጣጡ ተመራማሪዎች የ172 የአፍሪካ አገር በቀል ከብቶችን ጂኖም አንብበው አሳተሙ። ሻኛ ያለው የእስያ ከብትና ሻኛ የሌለው የጥንቱ የአፍሪካ ከብት በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ የተቀላቀሉት ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ አወቁ። ሙቀቱን፣ ድርቁን፣ መዥገሩን የሚችል ከብት በየአካባቢው የወጣው ከዚያ ቅልቅል ነው። አያቶቻችን በሬያቸውን መርጠው ሲያስጠቁ ሳያውቁ የሠሩት ሥራ አሁን በላቦራቶሪ እየተነበበ ነው።

የሸኮ ከብት ምሳሌ ይሁነን። በደቡብ ምዕራብ ቆላ የሚገኝ ትንሽ ከብት ነው፤ ሻኛው እዚህ ግባ አይባልም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከጥንቱ ሻኛ አልባ ከብት የተረፈው እርሱ ነው ይባላል። ቆላ ዝንብ የሚያመጣውን ገንዲን ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋማል። ገንዲ ስንት በሬ ከቀንበር ሥር እንደጣለ፣ ስንት ለም ቆላ ሰው አልባ እንዳደረገ ገበሬ የነበረ ያውቀዋል። ይህን የሚችል ደም ግን ከጎረቤት ዘቡ ጋር በመዳቀል እየተሟጠጠ ነው። በጣና ዳር ረግረግ የለመደው የፎገራ ከብትም እንደዚሁ ከሌላው እየተቀላቀለ፣ ግጦሹም ሩዝ እየተዘራበት እየሳሳ ሄዷል። የፈረንጅ ላም በገንዲ ስትሞት ፈረንጅ መድኃኒቱን የሚፈልገው ከሸኮ ዘረ-መል ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሸኮው ከሌለ የምንሸጠውም የምንሰጠውም የለንም።

ይህን ስል ከወዲያ ጥግ አንድ ድምፅ ይሰማኛል፦ "ዘራችንን ሊሰርቁ ነው!" ይህ ድምፅ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የጤፍን ነገር ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2005 የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ተቋማችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ፤ በ2009 ከሠረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ዞሮ ኖረ፤ እስከ 2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ከንቱ ነው እስኪል ድረስ አገራችን ያገኘችው ከምንም የማይቆጠር ነበር። በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ላይ የታገሉት ይህን መሰሉን ነገር ነው። የሪዮ ስምምነት በ1992፣ የናጎያ ፕሮቶኮል በ2010፣ የራሳችን አዋጅ ቁጥር 482 በ2006 የወጡት አንድ አገር በዘሩ ላይ ባለቤት ነው፣ ከጥቅሙም ይካፈላል ለማለት ነው።

ነገር ግን ዘመኑ አዋጁን ቀድሞታል። ድሮ ዘር የሚሰረቀው በሻንጣ ነበር፤ ጉምሩክ ሊይዘው ይችላል። ዛሬ የጭላዳውም የከብቱም ንባብ ማንም ከየትም ሆኖ በነፃ በሚከፍተው መዝገብ ውስጥ በፊደል ተጽፎ ይገኛል። አንድ የመድኃኒት ወይም የከብት ማራቢያ ኩባንያ የሸኮን ምሥጢር ለማግኘት አዲስ አበባን መርገጥ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ደም መቅዳት አያስፈልገውም። በ2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች ይህን ክፍተት ለመድፈን ተስማሙ፤ በ2024 ካሊ፣ ኮሎምቢያ ላይ ፈንድ አቋቋሙ፤ በየካቲት 2025 ሮም ላይ ሥራ ጀመረ። ከእንዲህ ዓይነት መረጃ የሚያተርፉ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ፣ ቢያንስ ግማሹም ለነባርና ለአካባቢ ሕዝቦች እንዲሄድ ይላል። መዋጮው ግን በፈቃደኝነት ነው። በፈቃዱ የሚከፍል ኩባንያ ያየ ካለ ይንገረኝ፤ ለማንኛውም የምንኖረው የነዚህ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት አገር ነው፤ ድምፅ የምንሰጥ፣ አክሲዮንና የጡረታ ሂሳብ ያለን፣ ለኮንግሬስ ሰው መጻፍ የምንችል እኛ ነን። አሜሪካ ራሷ የሪዮውን ስምምነት እስከ ዛሬ አላጸደቀችም።

ታዲያ መፍትሔው በሩን መዝጋት ነው የሚሉ አሉ፤ ደም አይውጣ፣ ፀጉር አይሂድ። በዚህ አልስማማም። በር ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዳው የራሳችን ተማሪ ነው፤ ናሙናውን ይዞ ማንበቢያ መሣሪያ ያጣው፣ ፈቃድ ሲጠብቅ የመመረቂያ ዓመቱ የሚያልፍበት እርሱ ነው። የአንበሳው ደም በጀርመንና በእንግሊዝ፣ የጭላዳው በአሜሪካ፣ የከብቱ በኮሪያ መነበቡ የሚያሳፍረው ፈረንጆቹን አይደለም፤ እነርሱስ ሥራቸውን ሠሩ። የሚያሳፍረው አገር ቤት ይህን በስፋት የሚያነብ ላቦራቶሪ በወጉ አለመሟላቱ ነው። አፍሪካውያን ሳይንቲስቶች በ2021 የአፍሪካ ባዮጂኖም ፕሮጀክት ብለው የአህጉሩን 105000 ዝርያዎች በአፍሪካውያን እጅ ለማንበብ ተነሥተዋል። የማንበቢያ መሣሪያውም በመዳፍ የሚያዝ ሆኗል። ጎበዝ፣ ቁልፍ ሳይሆን ላቦራቶሪ ነው የሚያስፈልገን።

"ሰው እያለቀ ስለ ቀበሮ ታወራለህ" ላለኝ አንባቢ የገባሁትን ቃል አልረሳሁም። ሰው ይቀድማል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የተነሣንበትን ነገር እንመርምረው። ቀይ ቀበሮን የሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ እረኛውን ልጅም ይገድላል፤ ውሻው ሲከተብ ሁለቱም ይድናሉ። ሸኮን የሚያድን የገበሬን ቀንበር ያድናል። የመንዝ ጓሳን ደግሞ እንይ፦ ወደ 400 ዓመት በሚጠጋ ባላገራዊ ሥርዓት፣ ቄሮ በሚባለው፣ ሣሩ ተከልክሎ በየጊዜው ብቻ ሲታጨድ ኖረ፤ በ1975 የመሬት ዐዋጁ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ ያሉት ለዚህ ነው። ባላገሩ ጓሳውን የጠበቀው ለቤቱ ክዳንና ለከብቱ ብሎ ነው፤ አውሬው በዚያ ተጠልሎ ተረፈ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ እንደ ኮሚኒቲ ሠራተኛ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የእግር ኳስ ፌስቲቫላችን ላይ ዋልያና አንበሳ የታተመበት ካናቴራ በሺህ ይሸጣል። ሻጮቹ ከአንድ ካናቴራ አንድ ዶላር ቢለዩ፣ ፌዴሬሽኑም በይፋ ሰብስቦ ሂሳቡን በየዓመቱ ቢያሳውቅ፣ በባሌና በመንዝ ለውሻ ክትባት የሚሆን ነገር ይገኛል። ሂሳብ ማሳወቁ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ በዚህ በኩል ያለንን ስም እናውቀዋለን።

ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ አገር በዩኒቨርሲቲና በመድኃኒት ኩባንያ ላቦራቶሪዎች ዲ.ኤን.ኤ. ሲያነብቡ የሚውሉ ኢትዮጵያውያን በየከተማው አሉ፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ እናገኛቸዋለን፣ በየሰርጉ አብረን እንበላለን፤ ሥራቸው ምን እንደሆነ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም። እያንዳንዳቸው ከአገር ቤት አንድ የጎንደር፣ የሐዋሳ ወይም የባሕር ዳር ተማሪ ለአንድ ክረምት ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ቢያስተናግዱ፣ የቪዛውን ደብዳቤ ቢጽፉለት፣ ማረፊያውን እኛ ብንችል፣ ልጁ የራሱን አገር ከብት ራሱ አንብቦ ስሙን በጥናቱ መጀመሪያ ላይ አስፍሮ ይመለሳል። ማረፊያ ክፍል ያለው፣ ወይም እንዲህ ዓይነት ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው በዚህ ጋዜጣ አድራሻ ይጻፍልን፤ ሁለቱን ወገኖች የማገናኘቱን ሥራ እኛ እንሠራለን።